ክዌስት 2 ከዘጠኝ ወር በኋላ፦ ማጥወልወሉን የሚቀንሰውና የማይቀንሰው

ሜታ ክዌስት 2፣ ዓይንን ሸፍኖ ሰውን በኮምፒውተር የተሠራ ዓለም ውስጥ የሚያስገባው የቪአር መነጽር፣ ጎንደር ላይ ከጥቅምት እስከ ሰኔ በሳምንት አራት አምስት ቀን ሠርቷል፤ አንዳንዴ ለአንድ ሰው፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን ቤት ለመጣ ሁሉ። ስለ ምስሉ ጥራትና ስለ ጌሞቹ ብዙ ስለተባለ እሱን እንለፈው። እዚህ የሚነገረው መነጽሩን ያደረገ ሰው በአምስተኛው ደቂቃ ላብ ላብ ብሎት እያወለቀ «ይቅርብኝ፣ ለእኔ አይሆንም» ስለሚልበት ነገር ነው። እንዲህ ካሉት ውስጥ ብዙዎቹን ያጥወለወላቸው ጌሙ ሳይሆን ጌሙ ከመከፈቱ በፊት የተዘለለ ማስተካከያ ነው።

መኪና የማይስማማው ሰው ምክንያቱን ቶሎ ይረዳል። ከደባርቅ ወዲያ ሊማሊሞን በአውቶቡስ ሲወርድ ስልኩ ላይ ያፈጠጠ ተሳፋሪን ዓይኑ «ቁጭ ብለሃል» ይለዋል፤ ጆሮው ውስጥ ያለው የሚዛን አካል ደግሞ ጥምዝምዙን አንድ በአንድ ይቆጥራል። ሁለቱ አልስማማ ሲሉ ፌስታል ይፈለጋል። ቪአር ላይ ነገሩ ተገልብጦ ይመጣል፤ ዓይን ይሮጣል፣ ጆሮ ቁጭ ብሏል። ሾፌሩን የማያጥወለውለው መሪው በእጁ ስለሆነና ቀጣዩን ኩርባ ቀድሞ ስለሚያውቀው ነው። ቪአር ላይም ኮንትሮለሩን (በእጅ የሚያዘውን መቆጣጠሪያ) ራሱ የያዘ ሰው ዝም ብሎ ከሚነዳው ይሻላል። ለእንግዳ መጀመሪያ ሮለርኮስተር ማሳየት ከሁሉ የከፋ መስተንግዶ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ ሁሉም ቤት ግን የሚጀምረው በእሱ ነው።

የጆሮው አካል ሁለት ሥራ ይሠራል። ሦስቱ ግማሽ ክብ ቱቦዎች መዞርን ይለካሉ፤ አጠገባቸው ያሉት ሁለት ከረጢቶች ደግሞ ወደ ፊት፣ ወደ ጎን፣ ወደ ላይና ወደ ታች መሄድን። ሁለቱም የሚያውቁት የፍጥነት ለውጥን ነው። በእኩል ፍጥነት በሚሄድ መኪና ውስጥ ዓይኑን የጨፈነ ሰው መሄዱ አይታወቀውም። ስለዚህ ቪአር ላይ ቀስ እያለ የሚፈጥንና ቀስ እያለ የሚቆም እንቅስቃሴ ለስላሳ ቢመስልም፣ በአንዴ ተነስቶ በእኩል ፍጥነት ሄዶ በአንዴ ከሚቆመው የበለጠ ይረብሻል። ከሁሉ የሚብሰው መዞር ነው።

መጀመሪያ ሌንሱ

ክዌስት 2 ሲገዛ ዋናው ድክመቱ ይኸው ነው፦ ሌንሶቹ የሚቆሙት ሦስት ቦታ ላይ ብቻ ነው። በሁለቱ ዓይን ብሌኖች መካከል ያለው ርቀት 61 ሚሊሜትርና ከዚያ በታች ከሆነ ቁጥር 1፣ ከ61 እስከ 66 ከሆነ ቁጥር 2፣ ከ66 በላይ ከሆነ ቁጥር 3 ነው። ሌንሶቹ ራሳቸው የሚቆሙት በ58፣ በ63 እና በ68 ሚሊሜትር ነው። ይህ ካልተስተካከለ ዓይን የተራራቁ ሁለት ምስሎችን አንድ ለማድረግ ሳያቋርጥ ይታገላል። መጀመሪያ በቅንድብ መሐል ክብደት ይሰማል፣ ቀጥሎ ራስ ምታት፣ ከዚያ ማቅለሽለሽ። ሰውየው ግን «ጌሙ አዞረኝ» ይላል።

ርቀቱን ለመለካት ሚሊሜትር ያለው የተማሪ ማስመሪያና መስታወት ይበቃል። ከመስታወቱ 20 ሴንቲሜትር ያህል ርቆ መቆም፤ ማስመሪያውን ቅንድብ ላይ አጋድሞ ማስደገፍ፤ ቀኝ ዓይንን ጨፍኖ ዜሮውን የግራ ብሌን መሐል ላይ ማሳረፍ፤ ራስንም ማስመሪያንም ሳያንቀሳቅሱ ግራውን ጨፍኖ ቀኙን መክፈትና በቀኝ ብሌን መሐል ላይ የወደቀውን ቁጥር ማንበብ። ሦስት ጊዜ ለክቶ መሐለኛውን መውሰድ ነው። ሁለት ሚሊሜትር ወዲያና ወዲህ ቢል አያስደንቅም፤ ራስ ስለሚንቀሳቀስ ነው። ሰው ሲለካላችሁ ደግሞ የሚለካውን ሰው ፊት ሳይሆን ከትከሻው በላይ አሻግራችሁ ሩቅ ተመልከቱ፤ ቅርብ ሲያዩ ብሌኖች ወደ ውስጥ ይጠጋሉና ቁጥሩ ያንሳል።

ሌንሱ የሚንቀሳቀሰው ዙሪያውን ያለውን ፕላስቲክ በሁለት እጅ ይዞ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ በመግፋት ነው። መስታወቱን በጣት አትንኩት። ልክ ሲገባ ጠቅ ይላል፤ ቁጥሩም በሁለቱ ሌንሶች መካከል ይታያል። ጠቅ ሳይል መሐል ላይ የቀረ ሌንስ ሲሮጡ ይንሸራተታል። ልኬታቸው ድንበሩ ላይ የወደቀ፣ ማለትም 61 ወይም 66 የሆነባቸው ሰዎች፣ ሁለቱንም ቦታ በትንሽ ጽሑፍ አሥር አሥር ደቂቃ ይሞክሩና ቅንድባቸውን ያልከበደውን ይምረጡ። ቁጥር 3 ላይ የስክሪኑ ጠርዝ ትንሽ ይቆረጣል፤ የስክሪኑ መስታወት አንድ ወጥ ስለሆነ ሌንሶቹ ሲራራቁ ዳር ይደርሳሉ። ብልሽት አይደለም። ቤት ውስጥ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ከሆነ የየሰውን ቁጥር በወረቀት ጽፎ ሳጥኑ ክዳን ላይ መለጠፍ ከማንኛውም መድኃኒት ይበልጣል።

አደራረጉም ከሌንሱ እኩል ነው። ሌንሱ ፍሬኔል የሚባለው፣ ቀለበት ቀለበት ያለው ዓይነት በመሆኑ ጥርት ብሎ የሚያሳየው መሐሉ ላይ ብቻ ነው። መነጽሩ አምስት ሚሊሜትር ቢወርድ ጽሑፉ ይደበዝዛል። መነጽሩ 503 ግራም ይመዝናል፤ ክብደቱ በሙሉ ፊት ለፊት ስለሆነ መውረዱ አይቀርም። ትክክለኛው አደራረግ፦ የጎኑን ማሰሪያ ማላላት፣ ፊቱን አስቀድሞ ማስገባት፣ የኋላውን ማሰሪያ ከማጅራት በላይ ካለው አጥንት ጉብታ ሥር ማውረድ፣ ከዚያ ክብደቱን የላይኛው ማሰሪያ እንዲሸከም ማጥበቅ፣ የጎኑን ደግሞ እንዳይወድቅ ያህል ብቻ። ብዙ ሰው የሚያደርገው ተገላቢጦሹን ነው፤ ጎኑን አንቆ ጉንጩን ያስጨንቃል። በመጨረሻ ትንሽ ጽሑፍ ያለበት ሜኑ ከፍቶ፣ መነጽሩን በሁለት እጅ ይዞ ፊደሉ እስኪጠራ ወደ ላይና ወደ ታች ማንሸራተት።

ሹሩባ የተሠራች ሴት ላይ የኋላው ማሰሪያ አጥንቱ ላይ አይቀመጥም። ጉንጉኑ ላይ ይንሸራተትና መነጽሩ በየደቂቃው ይወርዳል። ጉንጉኑን ከኋላ እንደ ሹካ ከተከፈለው ማሰሪያ መሐል አውጥቶ ወደ ኋላ መልቀቅ፣ ወይም ስስ ሻሽ አስሮ በላዩ ማድረግ ይሠራል። ለአፍሮም ያው ሻሽ ነው። የሐኪም መነጽር ያለው ሰው ከሳጥኑ ጋር የሚመጣውን ጥቁር ፕላስቲክ ማራራቂያ ከስፖንጁ ሥር ማስገባት አለበት፤ ያለዚያ የሁለቱ መስታወት ይፋተጋል፣ ጭረቱም አይጠፋም። ስክሪኑ ቅርብ ነው ብሎ የሐኪም መነጽሩን ማውለቅ ደግሞ ዋጋ የለውም። ስክሪኑ ለዓይን ቅርብ ይሁን እንጂ ሌንሱ ምስሉን አርቆ ስለሚያሳይ ሩቅ የማያይ ሰው እዚህም አያይም።

ክብደቱን ለማመጣጠን ከኋላ ፓወር ባንክ ማሰር ያዋጣል። 10,000 ሚሊአምፒር ያለው 200 ግራም አካባቢ ስለሚመዝን ሚዛኑን ያመጣል፤ ሁለት ሰዓት ተኩሉን ባትሪም ያራዝማል። በቬልክሮ አጥብቆ፣ ዝቅ አድርጎ፣ በአጭር የዩኤስቢ ሲ ገመድ። ከፍ ብሎ ከታሰረ አንገት ሲዞር ወደ ጎን ይጎትታል፤ ያ መወዛወዝ ራሱ ያዞራል። ርካሽ ጠንካራ ማሰሪያዎች ከጥቂት ወር በኋላ ማጠፊያቸው ላይ ስንጥቅ ያወጣሉና በወር አንዴ ፈትሹ።

መብራቱ ሲጠፋ

ይህ የእኛ አገር ምዕራፍ ነው። ክዌስት 2 ክፍሉን የሚያውቀው ፊቱ ላይ ባሉት አራት ካሜራዎች ነው። ብርሃን ከሌለ አያይም፤ ካላየ ዓለሙ ይንሳፈፋል ወይም ራስ ላይ ተጣብቆ አብሮ ይሄዳል። ማታ እየተጫወቱ መብራት ሲጠፋ የሚመጣው መንገዳገድ በዘጠኝ ወር ውስጥ ከታየው ሁሉ የከፋው ነው። ያኔ «ይስተካከል ይሆን» ብሎ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ዓይንን ጨፍኖ ማውለቅ። መብራት ሲጠፋ በራሱ የሚበራ ባለባትሪ አምፖል ክፍሉ ውስጥ ካለ ግን ጨዋታው ሳይቋረጥ ይቀጥላል።

ሁለተኛው ትንሽ ነገር፦ የአገራችን መብራት በ50 ኸርዝ ነው የሚሠራው። አንዳንድ አምፖልና ፍሎረሰንት ዓይን ሳያየው ይርገበገባል፣ ካሜራው ግን ያየዋል። ሴቲንግ ውስጥ ትራኪንግ ፍሪኩዌንሲ የሚለው «አውቶ» ላይ ሆኖ እጆች ወይም ወለሉ ትንሽ ትንሽ ከተንቀጠቀጡ 50 ኸርዝ ላይ አድርጉት። ባዶ ነጭ ግድግዳም ካሜራውን ያደናግረዋል፤ ፎቶ፣ ካላንደር ወይም ጥለት ያለው መጋረጃ መስቀል ይበቃል። ትልቅ መስታወት ካለ መሸፈን።

ቀን ቀን ደግሞ የጎንደር ፀሐይ በመስኮት ሲገባ ሌንሱ ወደ እሱ ዞሮ አይቀመጥ። ሌንሱ እንደ ማጉያ መነጽር ጨረሩን ሰብስቦ ስክሪኑ ላይ ቢጫ ወይም ጥቁር ነጥብ ያቃጥላል፤ ጥገናም የለውም። በክረምቱ ጠዋት ሌላ ጣጣ አለ። የቀዘቀዘ ሌንስ ከፊት ሙቀት ጋር ሲገናኝ ጉም ይለብሳል፤ በደበዘዘ ምስል መጫወት ዓይንን ያደክማል። አምስት ደቂቃ ቀድሞ አብርቶ ማስቀመጥ ይፈታዋል። መጥረጊያው የመነጽር ጨርቅ ብቻ ይሁን፤ አልኮል ሽፋኑን ይበላዋል።

መዞርና መሄድ

ጌም ውስጥ ገብቶ መጀመሪያ የሚከፈተው ሴቲንግ ነው። በስቲክ (ኮንትሮለሩ ላይ በአውራ ጣት በሚገፋው ዘንግ) መዞሩን ከስሙዝ (ሳይቋረጥ ከሚዞረው) ወደ ስናፕ ቀይሩት፣ 30 ወይም 45 ዲግሪ። ስናፕ ላይ ምስሉ በአንዴ ስለሚዘልል ዓይን የመዞሩን ሂደት አያይም፤ ከጆሮ ጋርም አይጣላም። ከዚህም የሚሻለው ስቲኩን ትቶ በገዛ አካል መዞር ነው፤ ያኔ ጆሮም ዓይንም ተስማምተዋል። የሚሽከረከር የቢሮ ወንበር ካለ በጣም ጥሩ፤ ከሌለ መደገፊያ የሌለው ዱካ ወይም በርጩማ ላይ ተቀምጦ በእግር እየገፉ መዞርም ይሠራል። መነጽሩ ገመድ ስለሌለው የሚጠላለፍ ነገር የለም።

ለመሄድ ቴሌፖርት፣ ማለትም ቦታ ጠቁሞ በአንዴ እዚያ መገኘት፣ ካለ በእሱ ጀምሩ። ስቲክ መጠቀም ግድ ከሆነ ቪኜት የሚለውን ሙሉ ላይ አድርጉት፤ ሲሄዱ የምስሉን ዙሪያ ያጠቁራል። የመንቀሳቀስ ስሜትን አብዝቶ የሚፈጥረው የዓይን ዳር እይታ ስለሆነ እሱን መሸፈን ስሜቱን ይቀንሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ጥናት ማጥበቡ ቀስ ተብሎ ከተደረገ ብዙ ሰው ሳያስተውለው ምቾቱ እንደሚጨምር አሳይቷል። ወደ ኋላና ወደ ጎን መሄድ ወደ ፊት ከመሄድ ይከፋል። ደረጃ መውጣትም እንዲሁ።

የሜታ መደብር እያንዳንዱን ጌም ምቹ፣ መካከለኛ፣ ከባድ ብሎ ይመድባል። ምደባው ሙሉ በሙሉ ባይታመንም ለመጀመሪያ ሳምንት «ምቹ» ከሚለው አለመውጣት ይበጃል። ቢት ሴበር ላይ ሰውየው ቆሞ ይጫወታል፣ ዓለሙ ወደ እሱ ይመጣል፤ ሱፐርሆት ቪአርም በገዛ አካል እንቅስቃሴ ብቻ ነው። ዎክአባውት ሚኒ ጎልፍ በቴሌፖርት ይሄዳል። ሪል ቪአር ፊሺንግ ተቀምጦ ዓሣ ማጥመድ ነው፤ ዕድሜያቸው ገፋ ያሉ ሰዎች ላይ የተሳካ መጀመሪያ ይኸው ነው። ልጆች የሚሞቱለት ጎሪላ ታግ በክንድ እየተወነጨፉ መሄድ ስለሆነ ለጀማሪ ሆድ አይሆንም።

የ360 ዲግሪ ቪዲዮ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የፋሲል ግቢንም ሆነ የሌላ አገር ቦታ የሚያሳይ ቪዲዮ ካሜራው በቆመ ትራይፖድ ላይ ከተቀረጸ ችግር የለውም። በእጅ ተይዞ እየተራመዱ ከተቀረጸ ግን ተመልካቹ የሌላ ሰው ራስ ተሸካሚ ሆነ ማለት ነው። በዚያ ላይ ቪዲዮው የሚያውቀው የራስን መዞር ብቻ ነው። ሰው ወደ ፊት ጎንበስ ሲል ዓለሙ አብሮት ጎንበስ ይላል። ራስን ወደ ትከሻ ማጋደልም ባለ ጥልቀት ቪዲዮ ላይ ሁለቱን ምስሎች ያጣርሳል። ስለዚህ መደገፊያ ያለው ወንበር ላይ ጀርባን አስደግፎ፣ ራስን ቀና አድርጎ፣ ግራና ቀኝ ብቻ።

ከኮምፒውተር ጋር አያይዞ ለሚጫወት፦ የስክሪኑ ፍጥነት በሰከንድ 72፣ 80፣ 90 ወይም 120 ምስል ይደረጋል። በ72 አንድ ምስል 13.9 ሚሊሰከንድ፣ በ90 ደግሞ 11.1 ሚሊሰከንድ ይቆያል። ከፍ ያለው ይሻላል፤ ግን ኮምፒውተሩ ከቻለ ብቻ። 90 ላይ ተደርጎ ሲያቅተው ወደ 45 ይወርዳል፤ ያ መንተፋተፍ ሳይዛነፍ ከሚሄድ 72 የባሰ ያጥወለውላል። ኮምፒውተሩ ከራውተሩ ጋር በኬብል ይያያዝ፣ መነጽሩ 5 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ላይ ይሁን፣ ራውተሩም እዚያው ክፍል። ምስሉ የሚጓዘው በቤቱ ውስጥ ስለሆነ የኢንተርኔት ፓኬጁ ፍጥነት እዚህ ላይ አይጠየቅም።

ሆድ፣ ዝንጅብልና ነፋስ

በባዶ ሆድም በጠገበ ሆድም አይሆንም። በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ከዚያ በፊት መነጽሩን ቢተወው ይሻለዋል፤ ጾም ከፈታም በኋላ አንድ ሁለት ሰዓት ይቆይ። ትላንት ማታ አረቄ የቀመሰ፣ እንቅልፍ ያጣ፣ ጉንፋን የያዘው ሰው ያን ቀን አይሞክር። ቡና ተፈልቶ ዕጣን በሚጨስበት ክፍል ውስጥም ጥሩ አይደለም፤ ጠንካራ ሽታ ማቅለሽለሽን ያፋጥናል። ማይግሬን ያለበት ሰው ከሌላው ቀድሞ እንደሚሰማው ይጠብቅ።

ፋን ይረዳል። ፊትን ያቀዘቅዛል፣ አንድ ቦታ ከቆመ ደግሞ «ፊት ለፊት ወዴት ነው» የሚለውን ለአካል ይነግራል። «ብርድ ይመታናል» ብሎ በርና መስኮት ዘግቶ መጫወት እንደ አውቶቡሱ ነው። ጫማ አውልቆ ትንሽ ምንጣፍ ላይ መቆምም እግር የክፍሉን መሐል እንዲያውቅ ያደርጋል። የዝንጅብል ሻይ አንዳንዱን ሰው ያለዝበዋል፣ ጉዳት የለውም፤ ግን የተዛነፈ ሌንስ አያቃናም። ለመኪና ጉዞ የሚዋጡት ዳይመንሃይድሪኔትና ሜክሊዚን እንቅልፍ ያመጣሉ፤ ለጨዋታ ብሎ መዋጥ ትርፉ ድብታ ነው። የግድ ከተባለ ፋርማሲስት ይጠየቅ።

ማላመድ ከሁሉ በላይ ይሠራል፤ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። የመጀመሪያ ሁለት ሦስት ቀን ቆሞ የሚሠራ ጌም ብቻ፣ አሥር አሥር ደቂቃ። ምንም ካልተሰማ በየቀኑ አምስት ደቂቃ መጨመር። በሁለተኛው ሳምንት ቴሌፖርት፣ በሦስተኛው ስቲክ ከሙሉ ቪኜት ጋር፣ ከዚያ ቪኜቱን በትንሽ በትንሹ መቀነስ። ስሙዝ ተርን የመጨረሻው ነው፤ ብዙ ሰውም እዚያ ሳይደርስ ደስ ብሎት ይኖራል። ሁለት ሳምንት ሳይነካ የቆየ ሰው አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ተመልሶ ይጀምር።

የማቆሚያው ምልክት ማቅለሽለሽ አይደለም፤ እዚያ ከተደረሰ ዘግይቷል። ቀድመው የሚመጡት የምራቅ መብዛት፣ ማዛጋት፣ ግሳት፣ የግንባር ሙቀትና ቀዝቃዛ ላብ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1993 ለበረራ ሲሙሌተር የወጣው መጠይቅ 16 ምልክቶችን ከ0 እስከ 3 ያስመዝናል። ቤት ውስጥ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ላብ፣ የዓይን ድካምና ራስ ምታትን ብቻ በደብተር መመዝገብ ይበቃል። አንዱ 2 ከደረሰ የዚያ ቀን አበቃ። «ይለምደኛል» ብሎ መግፋት አያላምድም። ይልቁንም አንጎል ማቅለሽለሹን ከሲሊኮኑ ሽታ ጋር ያያይዘውና በኋላ መነጽሩን ማሽተት ብቻ ይበቃል።

ካወለቁ በኋላ ደጅ ወጥቶ ሩቁን ተራራ መመልከት፣ ውሃ ጎንጨት ማለት፣ ስልክ አለመክፈት። ማዞሩ ሙሉ በሙሉ ሳይለቅ ሞተር ሳይክልም ባጃጅም አይነዳ። በአውቶቡስ ውስጥ መነጽሩን ማድረግ የሚለውን ሐሳብ ደግሞ ጨርሶ እርሱት፤ ካሜራው የቆመ ወንበር ያያል፣ ውስጡ ያለው ሴንሰር ኩርባውን ይቆጥራል፤ ያው የሊማሊሞው ተሳፋሪ ራሱ ሆነ ማለት ነው።

ከዘጠኝ ወር በኋላ ያለበት ሁኔታ

የፊቱ ስፖንጅ ላብ ይጠጣል፤ በሲሊኮን ሽፋን መጠቀምና ከእያንዳንዱ ሰው በኋላ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ። የሟሸሸ ስፖንጅ ዓይንን ወደ ሌንሱ አስጠግቶ አደራረጉን ይቀይራል፤ ድንገት ማጥወልወል የጀመራችሁ ነባር ተጠቃሚዎች መጀመሪያ እሱን እዩ። ኮንትሮለሮቹ አንድ አንድ ኤኤ ባትሪ ይበላሉ። ቻርጅ የሚደረገው ባለ 1.2 ቮልት ይሠራል፤ ጠቋሚው ግን ሙሉ ሆኖም ዝቅ አድርጎ ያሳየዋል።

ሰው የማይጠረጥረው ስቲኩን ነው። አቧራ የገባበት የትኛውም ጆይስቲክ ሳይነካ በጥቂቱ ይገፋል፤ ጌም ውስጥ ዓለሙ በማይታወቅ ፍጥነት ይንሸራተታል፤ ሰውየው ያልነካው ነገር ያጥወለውለዋል። ለማወቅ ኮንትሮለሩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ አንድ በር ላይ ትኩር ብሎ ለአሥር ሰከንድ ማየት። ከተንቀሳቀሰ የጌሙን ዴድዞን (ስቲኩ በጥቂቱ ቢገፋ ጌሙ የማይቆጥረውን ክልል) ከፍ ማድረግ፤ ካልበቃ በታሸገ አየር ማጽዳት። በበጋው አቧራ ኮንትሮለርን ያለ ሽፋን መደርደሪያ ላይ መተው ይህን ያመጣል።

ክዌስት 2 እ.ኤ.አ. በ2024 ክዌስት 3ኤስ ሲወጣ ከገበያ ስለወጣ አሁን የሚገኘው ያገለገለ ወይም ከውጭ በሻንጣ የመጣ ነው። ለማጥወልወል ብቻ ብሎ ወደ 3ኤስ መቀየር ትርጉም የለውም። ፕሮሰሰሩ ፈጣን ነው፣ የውጭውን ክፍልም በቀለም ያሳያል፤ ግን ሌንሱ ያው ፍሬኔል፣ ቦታውም ያው ሦስት ነው፣ ክብደቱም 514 ግራም። በሌንስ የሚለየው ክዌስት 3 ነው፤ ርቀቱ በተሽከርካሪ ቁልፍ ሳይዘል ይስተካከላል፣ ጥራቱም እስከ ዳር ይደርሳል። ልኬታችሁ 58፣ 63 ወይም 68 አካባቢ ከሆነ ክዌስት 2 ይበቃችኋል። 61 ወይም 66 ላይ ከሆናችሁ ሳትገዙ በፊት የሰው ተውሳችሁ ግማሽ ሰዓት ሞክሩ።